ስክሪኑ የተነሳ ቀን

ታይፒስቷን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የሜትር ድምፅ ነው፤ የብረቱ ጥብጣብ ከሳጥኑ ሲሳብ የሚያሰማው ያ ሽርርታ። ዓይኗን ስትገልጥ የታናሽ እህቷ ባል ከአልጋዋ ግርጌ ተንበርክኮ ግድግዳውን ይለካል። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች። ሰውየው ዞር ብሎ አያትና ምንም ሳያፍር፣ «ተኚ፣ ተኚ እታለም፣ ግድግዳውን ብቻ ነው» አላት። ከዚያም የሜትሩን ጫፍ በራስጌዋ በኩል ለማሳለፍ ትራሷን ትንሽ ገፋ እንድታደርግለት ጠየቃት። እሷም ገፋ አደረገችለት፤ ኋላ ስታስበው ከሁሉ ይበልጥ ያበሸቃት ይኸው ነበር። ቁጥሩን በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጻፈ። እህቷ የሳህን ማድረቂያ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ መሬት መሬት ያያል። ሰውየው እየለካ ነገሩን እንደ ዋዛ ያወራው ጀመር። መስታወት በር ያለው ትልቅ ቁም ሳጥን አናጺው ዘንድ አልቋል፤ ዛሬ ረፋዱ ላይ ይመጣል። ይቺ ክፍል ፀሐይ ስለሚገባት የእንግዳ መቀበያ ትሆናለች። የእሷ አልጋ ኮሪደሩ ላይ ይገባና በመጋረጃ ይጋረዳል። መቼስ ቀን ቀን ቤት አትውልም፣ ጡረታዋም እንደሆነ ደርሷል። ጡረታዋ ገና አራት ዓመት ይቀረው ነበር። ቤቱም ቢሆን አባታቸው ለሁለቱ ሴት ልጆቹ እኩል አድርጎ የተወላቸው ነው። ይህን ሁሉ መናገር ትችል ነበር። የታይፒስቷ መልስ ግን ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚደርስ ነው፤ ሰው ተናግሯት ከሄደ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ታክሲ ውስጥ ስትቀመጥ ነው ቃሉ የሚመጣላት። ልትለብስ ነው ብለው ወጡላት፤ በሩን ግን ገርበብ አድርገው ተዉት፣ ክፍሉ ከወዲሁ የእሷ መሆኑ ያበቃ ይመስል።

ሻይ ሳትጠጣ ወጣች። ታክሲው ውስጥ ሰው ሁሉ ሰኞ ስለጨመረው ዋጋ ይነታረካል፤ እሷ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ እያየች በሆዷ ትነታረካለች። አንድ በአንድ መጡላት። «ክፍሉ የእኔ ነው።» «ሰው ተኝቶ እያለ አልጋው ሥር ይገባል?» «የአባቴን ግድግዳ ማን ፈቅዶልህ ነው የምትለካው?» ሁሉም ጥሩ ጥሩ መልሶች ነበሩ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይታ የምትጸልይ መሰላትና ጉልበቷን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት።

የምትሠራው አንድ ትልቅ የወላዶች ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ነው። መደቧ እስከ ዛሬ ታይፒስት ይባላል፤ ሰውም ሁሉ የሚጠራት በዚሁ ነው። የጽሕፈት መኪናዎቹ ግን ተሰብስበው መጋዘን ከገቡ ቆይተዋል። ላለፉት ስድስት ዓመታት ሥራዋ አንድ ስክሪን ክፍት ሆኖ እንዲውል መጠበቅ ነው። ነገሩ ለሰሚ ቀልድ ይመስላል። እላይ ሦስተኛ ፎቅ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል አለ። ነርሶቹ ማለዳ ማለዳ እያንዳንዱን ሕፃን ይመዝኑና ቁጥሩን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባሉ። ምድር ቤት ያለው ሰርቨር ያንን ቁጥር ተቀብሎ የእያንዳንዱን ሕፃን ክብደት በመስመር ይስላል፤ ወረቀቱም እላይ ሕፃናቱ ክፍል ባለው ፕሪንተር ይወጣል። ቁጥር የማይገባቸው እናቶች መስመሩ ይገባቸዋል። ሽቅብ ከወጣ ልጅ እየበላ ነው፤ ቁልቁል ከወረደ አንድ ነገር አለ። ሦስት ቀን ተከታትሎ ሽቅብ የወጣለት ሕፃን እናቱ ታቅፋው ቤቷ ትገባለች። ይህን የሚስለው ፕሮግራም በጃቫ የተጻፈ ነው፣ ማሽኑም ሊኑክስ ነው። ፕሮግራሙ ታዲያ አንድ አመል አለበት። ከማሽኑ ጋር ስክሪን ካልተያያዘ፣ ሰው ፓስወርድ አስገብቶ ካልከፈተው፣ ስክሪኑም ክፍት ሆኖ ካልዋለ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልስልም ይላል። ጽፎ የሸጠው ድርጅት ከስሞ ጠፍቷል። ስለዚህ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ያገኘው መፍትሔ እዚያ ሰው ማስቀመጥ ነበር፤ ሥራ ፈትታ የተገኘችውም ታይፒስቷ ሆነች። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ክፍሉ እንደ በረዶ ቤት ይቀዘቅዛል። ሁለት ሹራብ ደርባ፣ ካልሲዋን ድርብ አድርጋ፣ አጭሩን እግሩን በታጠፈ ካርቶን ባስተካከለችው ወንበር ላይ ትቀመጥና ስክሪኑ እንዳይጠፋ በየአሥር ደቂቃው ማውሱን ነካ ታደርጋለች። የእህቷ ባል ሥራዋን ለሰው ሲያስረዳ፣ «ስክሪን ታያለች፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም» ይላል። ሰው ከት ብሎ ይስቃል።

ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ስትጽፍ የኖረች ሴት ግን ዓይኗ ሥር ያለፈ ጽሑፍ ሳታነብ አታልፍም። ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር ማሽኑ የሚተፋው አንድ ረጅም የስሕተት ጽሑፍ ነበር። ፊደል በፊደል ደብተሯ ላይ ገለበጠችው። ከዚያ እላይ ካሉት ፕሮግራመሮች አንዱን፣ መነጽር የሚያደርገውንና ዝምተኛውን፣ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም የጃቫ መጽሐፍ አውጥቶ ሰጣት፤ አይመልሱልኝ፣ ይዘውት ይቅሩ አላት። ሁለት ዓመት አነበበችው። በምሳ ሰዓት፣ ብርዱ ውስጥ፣ ጣቷን በሻይ ብርጭቆ እያሞቀች ሞከረች፣ አበላሸች፣ እንደገና ሞከረች። በመጨረሻ የፕሮግራሙ አመል ተገለጠላት። ፕሮግራሙ የሕፃኑን መስመር ለመሳል መጀመሪያ መስኮት ይከፍታል፤ ማንም የማያየው መስኮት። መስመሩን እሱ ላይ ይስልና፣ እሱኑ ፎቶ እንደማንሳት አድርጎ ወደ ፕሪንተር ይልካል። መስኮት ለመክፈት ደግሞ ስክሪን ያስፈልጋል። ስክሪን ከሌለ፣ የት ልክፈተው ብሎ ይገተራል። ለመስመር ግን መስኮት ምን ያደርግለታል? ማሽኑ እዚያው ሜሞሪው ውስጥ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ ሊስልበት፣ የሳለውንም በቀጥታ ፋይል አድርጎ ሊያስቀምጠው ይችላል። ጃቫ ስክሪን በሌለበት ማሽን ላይ እንዲህ እንዲሠራ የሚነገረው አንድ ትእዛዝ አለ፤ መጽሐፉ «ሄድለስ» ይለዋል፣ ራስ የሌለው እንደማለት ነው። መጀመሪያ ስታነበው ብቻዋን ሳቀች። የመሳያውን ክፍል እንደ አዲስ ጻፈችው። ሠርቶላት ስታይ ለኃላፊው በደብዳቤ አመለከተች፤ መልስ የለም። በሁለተኛው ደብዳቤ ኅዳግ ላይ ኃላፊው በቀይ እስክሪብቶ፣ «ለታይፒስቷ የተሰጣት ሥራ ስክሪን መጠበቅ ነው» ብሎ መለሰላት። ወረቀቱን አጣጥፋ መጽሐፉ ውስጥ ከተተችው።

በዚያ ጠዋት ወደ ማሽን ክፍሉ ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁለት የጉልበት ሠራተኞች ስክሪኑን ከነማቆሚያው ፈትተው፣ ኬብሉን እንደ ገመድ ክንዳቸው ላይ እየጠቀለሉ ነበር። ምን እየሠራችሁ ነው ስትላቸው አንደኛው በአገጩ ወደ ኮሪደሩ ጠቆማት። ኃላፊው ጀርባውን ሰጥቷት በስልክ ይነጋገራል። ትላልቅ እንግዶች ነገ ሆስፒታሉን ሊጎበኙ ይመጣሉ፤ አዳራሹ መግቢያ ላይ የሆስፒታሉን ፎቶ የሚያሳይ ስክሪን እንዲሰቀል ተፈልጓል፤ ግዢ ጊዜ ይወስዳል፤ ምድር ቤት ግን አንድ ትልቅና ደህና ስክሪን ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። የሕፃናቱ ነገር? አዲሱ ሲስተም ሁለት ወር ቢቀረው ነው፤ እስከዚያ ነርሶቹ በእጃቸው ይሳሉት። ኃላፊው ይህን ሁሉ ካወራ በኋላ ሣቅ አለና፣ «ሴትየዋ? እሷማ የስክሪኑ ዕቃ ናት፤ ስክሪኑ ከተነሳ አብራ ትነሳለች» አለ።

ስልኩን ዘግቶ ሲዞር አያት። ትንሽ እንኳ አልደነገጠም። በዕድሜ አክስቱ የምትሆን ሴት ናት፤ አንቺ እያለ ነው የሚያናግራት። ከዛሬ ጀምሮ መዝገብ ቤት እንደምትመደብ፣ እዚያ ቢያንስ እንደማይበርዳት፣ እስከ ጡረታዋም ተረጋግታ እንደምትሠራ ነገራት። ጡረታዋን ሲያነሳባት ይህ በአንድ ጠዋት ሁለተኛው ሰው ነው። ሰዎቹ ስክሪኑን ተሸክመው በደረጃው ሲወጡ ቆማ አየቻቸው። ጠረጴዛው ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቀረ። ማሽኑ ግን አልጠፋም፤ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እሱን ታይ ጀመር። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትነካው ነገር አልነበራትም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ከላይ አንዲት ሲስተር እየሮጠች መጣች። ወረቀቱ አልወጣም፤ ለኃላፊው ብትደውል አያነሳም። ታይፒስቷ ባዶውን ጠረጴዛ አሳየቻት። ሲስተሯ ግድግዳውን ተደግፋ አወራች። አርባ አንድ ሕፃን አለ፤ ነርሶቹ ሦስት ናቸው። ባለፈው ዓመት ስክሪኑ ተበላሽቶ በእጅ ሲስሉ የሁለት ሕፃናት ቁጥር ተቀያይሮ አንዷ መውጣት ሳይገባት ወጥታ፣ በሦስተኛው ቀን ሰማያዊ ሆና ተመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ዶክተሯ በእጅ በተሳለ መስመር አንድም ልጅ አላስወጣም ብላ ምላለች። ዛሬ ሊወጡ የሚገባቸው አራት ናቸው፤ አልጋቸው እስኪለቀቅ ደግሞ ማታ የተወለደው አንድ ኪሎ የማይሞላ ልጅ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ ማሞቂያ እየጠበቀ ነው። ዶክተሯ አምስት ሰዓት ላይ ትዞራለች። «በአምላክሽ እናታችን፣ አንድ ነገር አድርጊ» አለቻት። ሲስተሯ ይህን ስትል ታይፒስቷ የምታደርገው ነገር እንዳላት አውቃ አይደለም፤ ሌላ የምትለምነው ሰው ስላልነበራት ነው። ታይፒስቷ መጽሐፏን ከመሳቢያው አወጣች። «እላይ ኮምፒውተር አላችሁ አይደል? ውሰጂኝ» አለቻት።

ስድስት ዓመት ስትስላቸው የኖረቻቸውን ሕፃናት አንድ ቀን ወጥታ አይታቸው አታውቅም። ክፍሉ ከምድር ቤቱ ሌላ አገር ነበር፤ ሙቀቱ ፊቷን መታት፣ ሹራቦቿን አንድ በአንድ አወለቀች። እናቶቹ ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ ከልብሳቸው ሥር አስተኝተው በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አያወራም። ሁሉም ሲስተሯ ባዶ እጇን መመለሷን አዩ። ታይፒስቷ ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠችና በሆስፒታሉ ኔትወርክ በኩል ምድር ቤት ወዳለው ማሽን ገባች። ፓስወርዱን ከእሷ በቀር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ስለመኖሩ እርግጠኛ አልነበረችም። የድሮውን ፕሮግራም አቆመች። የራሷን አስነሳች፤ ያቺን ስክሪን የለም ብለህ ሥራ የምትለውን ትእዛዝ ከፊቱ አስቀድማ። ምድር ቤት ስትሞክረው ሁሌም ስክሪኑ ነበረ፤ በእውነት በሌለበት ሞክራው አታውቅም። ማሽኑ ትንሽ ቆየ። የስሕተት ጽሑፍ አልመጣም። ፕሪንተሩ አጉረመረመና የመጀመሪያውን ወረቀት ተፋው።

ሲስተሯ አንስታ ስታየው ክው አለች። መስመሩ አለ፤ ጥርት ብሎ ሽቅብ ወጥቷል። ስሙ ግን የለም። የእናትየዋ ስም መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ባዶ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረዋል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ ነው። አርባ አንድ መስመር፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ። አንዷ እናት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ወረቀቱን አየችና፣ «የማን ነው ይኼ?» አለች። ታይፒስቷ የባለፈው ዓመቷ ሕፃን ትዝ አለቻትና ወረቀቶቹን ሰብስባ ሁሉንም ቀደደቻቸው።

የእጅ ስልኳ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። እህቷ ነበረች፤ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ቁም ሳጥኑ መጥቷል፣ ሰውየው አልጋዋን ሊያወጣው ነው፣ ልብሶቿንና ካርቶኖቹን የት ታድርጋቸው? ከኋላ አንድ ከባድ ነገር ሲጎተት ይሰማል። ታይፒስቷ ዓይኗ ሣጥኖቹ ላይ እንደተተከለ አዳመጠች። ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚመጣላት ቃል ታክሲ ሳይጠብቅ ምላሷ ላይ ተገኘ።

«የትም አታድርጊያቸው። ቁም ሳጥኑ ግቢ ይደር። ክፍሉ የእኔ ነው፣ አልጋዬን ማንም እንዳይነካ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አለችና ዘጋችው። በሕይወቷ በእህቷ ላይ ስልክ ዘግታ አታውቅም። የጠበበ ጫማ ያወለቀች ያህል ቀለል አላት።

ሣጥኖቹን እንደገና አየቻቸው። ሣጥን ማለት ማሽኑ ፊደሉን ማወቁን፣ መልኩን ግን ማጣቱን ነው፤ ይህን መጽሐፉ ላይ አንብባለች። የድሮው ፕሮግራም ፊደሎቹን ከተከፈተው ስክሪን ላይ ይዋስ ነበር። አሁን የሚያበድረው የለም፤ ስለዚህ የራሱ ፊደል ይሰጠው። ነርሶቹ ኮምፒውተር ላይ ያለውን የፊደል መልክ፣ ፎንት የሚባለውን፣ ፈልጋ አገኘች፣ ምድር ቤት ላለው ማሽን ላከችለት፣ ፕሮግራሙም ፊደል ሲፈልግ እዚያ እንዲያይ ነገረችው። ሁለት ጊዜ ቦታውን ተሳስታ ጻፈች፤ ሁለት ጊዜ ሣጥን ወጣ። ሲስተሯ የግድግዳውን ሰዓት ደጋግማ ታያለች። በሦስተኛው ፕሪንተሩ ያወጣውን ወረቀት ታይፒስቷ ራሷ አነሳችው። የእናትየዋ ስም ከነአያቷ ሙሉ ሆኖ ተጽፏል፤ ከሥሩ የልጇ መስመር አለ። አርባ አንዱም እስኪወጣ ድረስ ቆማ እየተቀበለች፣ ቁጥሮቹን ከሲስተሯ መዝገብ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች። አንድም የተዛነፈ አልነበረም።

ወረቀቶቹን ለእናቶቹ ያደለችው እሷ ናት፤ ሲስተሯ ፈቀደችላት። ከመስኮቱ ሥር የነበረች አንዲት ልጅ እግር እናት ወረቀቱን ተቀብላ ጣቷን በመስመሩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጋ ነዳችው። ታይፒስቷ አዲስ የመጣች የጽዳት ሠራተኛ መስላታለች፤ እንዳይከብዳት ብላ አስረዳቻት። «ይኼ የእሷ ነው። እዚህ ጋ ወርዳብኝ ነበር፣ አልቅሼ ነበር ያን ቀን። አሁን እዪ፣ ሦስት ቀን ወጥታለች» አለቻት። ታይፒስቷ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች። «በጣም ወጥታለች» ብቻ አለቻት።

ዶክተሯ አምስት ሰዓት ላይ ገባች። አራቱን ሕፃናት አይታ ፈረመችላቸው፤ በፎጣ የተጠቀለለው ልጅም እንዲመጣ አዘዘች። ኃላፊው የደረሰው ያኔ ነው። ወረቀት ወጣ መባሉን ሰምቶ ነበር። ለዶክተሯ እየሳቀ፣ ትንሽ መስተጓጎል እንደነበረ፣ ከቡድኑ ጋር ሆነው ከርቀት እንዳስተካከሉት፣ ከእንግዲህ ስክሪን ሳያስፈልግ እንደሚሠራ ነገራት። ታይፒስቷ ከኋላው የቀሩትን ወረቀቶች ይዛ ቆማ ነበር።

«ቡድን የለም። እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች።

ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ዝም ባለው ክፍል ውስጥ ግን እናቶቹ ሁሉ ሰሙት። ኃላፊው እንዳልሰማ ሊያልፈው ፈለገ። ዶክተሯ ግን ወደ እሷ ዞረችና እንዴት እንደሠሩት እርስዎ ብላ ጠየቀቻት። ታይፒስቷ ስለማይታየው መስኮት፣ ማሽኑ ሜሞሪው ውስጥ ስለሚዘረጋው ወረቀት፣ ስለ ሣጥኖቹና ስለ ፊደሎቹ ነገረቻት። ሁለት ጊዜ ማመልከቷንም ጨመረች፤ በመጽሐፉ መሐል ያለውን በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈበትን ወረቀትም አውጥታ ሰጠቻት። ዶክተሯ አነበበችውና አጣጥፋ መለሰችላት። ከዚያ ነገም እንዲህ ይወጣል ወይ አለች። «ይወጣል። ስክሪኑ አዳራሹ ውስጥ ይቆይ፤ ያምርበታል። እኛ አንፈልገውም» አለች ታይፒስቷ። ሲስተሯ ሳቋን ለማፈን ፊቷን ወደ መድኃኒት ቁም ሣጥኑ አዞረች።

ኮሪደሩ ላይ ኃላፊው ይዟት ቆመ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። የጻፈችውን ሁሉ ፍላሽ ላይ አድርጋ ለፕሮግራመሮቹ እንድታስረክብ፣ ከምሳ በኋላ መዝገብ ቤት እንድትገኝ አዘዛት። ስክሪን ከሌለ የስክሪን ጠባቂ መደብ የለም አላት።

«መደቤን በደብዳቤ ያዛውሩልኝ» አለችው ረጋ ብላ። «ደብዳቤው ላይ፣ የሕፃናቱን መስመር የምትሠራዋን ሠራተኛ መዝገብ ቤት አዛውሬአለሁ ብለው ይጻፉና ይፈርሙ። ግልባጩ ለዶክተሯ ይሁን።»

«ዛሬ ምን ነካዎት እርስዎ?» አላት። አንቱ ማለቱን ራሱም ያስተዋለው አልመሰላትም።

ወደ ምድር ቤት ወረደች። ወንበሩን በመደገፊያው ይዛ፣ ከሥሩ ያለውን ካርቶን በብብቷ ሸጉጣ ሁለት ፎቅ ወጣች። በመሐል ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ላግዝዎት ያሏትን ሁለት ሰዎች አመስግና አልሰጠችም። ፕሮግራመሮቹ ክፍል ስትገባ ሦስቱም ቀና አሉ። በሁለት ጠረጴዛዎች መሐል ያለውን ክፍት ቦታ አየችና ወንበሯን እዚያ አኖረችው፤ ካርቶኑን ከአጭሩ እግር ሥር አደረገችና ተቀመጠች። መነጽር የሚያደርገው ልጅ በመሐላቸው የተከመረውን ኬብል ወደ ራሱ ጎትቶ ለእግሯ ቦታ ለቀቀላት። ትንሽ ቆይቶም ሥራ የፈታ ኪቦርድ ከመሳቢያው አወጣና ፊቷ አስቀመጠው። ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ሁለት ጊዜ በበሩ አለፈ፤ ሁለቱንም ጊዜ አያትና አለፈ። ደብዳቤው በዚያ ቀን አልመጣም። ነገ ሊመጣ ይችላል። ቢመጣም ምን እንደምትል ታውቃለች።

ቤቷ ስትደርስ አመሻሹ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። ቁም ሳጥኑ ግቢው መሐል፣ መስታወቱ በጋዜጣ ተሸፍኖ፣ እንደ ሰው ተገትሯል። የእህቷ ባል ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እንደምን ዋልክ አለችው፣ ፊቱን አዞረ። የክፍሏ በር ተዘግቷል። ስትከፍተው አልጋዋ በቦታው አለ። ሲሚንቶው ላይ ግን ከአልጋው እግሮች ተነስቶ በሩ ድረስ የሄደ፣ ከበሩም የተመለሰ አዲስ ጭረት አየች። እህቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀኝ እጇን በዚያው በሳህን ጨርቅ ጠቅልላዋለች።

«አውጥቶት ነበር» አለች እህቷ። «ብቻዬን መለስኩት።»

ታይፒስቷ አጠገቧ ተቀመጠች። ምን ያህል ጊዜ እንዲህ ጎን ለጎን እንዳልተቀመጡ ልታስብ ሞከረችና ተወችው። እህቷ የተጠቀለለ እጇን አገላበጠች። «ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው? አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም እኮ» አለቻት። ታይፒስቷ ከየት እንደምትጀምር ግራ ገባት። ከዚያ ከሕፃናቱ ጀመረች፤ አንድ ኪሎ የማይሞላ ልጅ ምን እንደሚያህል በሁለት መዳፏ አሳየቻት።

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጣሪያውን መቱ። ውጭ ሰውየው ተነስቶ ቁም ሳጥኑን ወደ ታዛው ሊገፋ ሲታገል ይሰማል፤ እንጨቱ ድንጋዩ ላይ ይንቋቋል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይንቋቋል። መጀመሪያ ሚስቱን ጠራ። ቀጥሎ፣ ኧረ አንድ ሰው ጫፉን ይያዝልኝ አለ። ዝናቡ በረታ። እህቷ በሩን አንዴ አየችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ እግሮቿን አልጋው ላይ አወጣችና ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች።